አሥራ አንድ አመስጋኝ ደንበኞች

መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽያጭ አስተምሯል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንዲት እርሳስ እንኳ ሸጦ አያውቅም። ይህን ጉድ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም፤ ተማሪዎቹ የሚያውቁት ስላይዶቹን ብቻ ነው። ሰባተኛው ላይ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ደስተኛ ደንበኛ አለ፤ መምህሩ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም ይላል፣ ልክ ያንን ሰውዬ ያሳቀው እሱ ራሱ እንደሆነ። ተማሪዎቹም በሌለበት «ስላይድ» ይሉታል።

ዘንድሮ ግን ዩኒቨርሲቲው ከወንበሩ የሚያስነሳው ነገር አመጣ። ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆቹን ሰብስቦ የራሳችሁን ሥራ ፍጠሩ አላቸውና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አስተማሪ አማካሪ አድርጎ መደበላቸው። አማካሪው በየሳምንቱ ፎርም ይሞላል፤ ስንት ዕቃ ለባዕድ ሰው እንደተሸጠ፣ ገዢውም ምን እንዳለ ይጽፋል። በመጨረሻ ገምጋሚዎች ይቀመጡና ለአንዱ ዕድለኛ ከግቢው በር አጠገብ ያለችውን ሼድ ከነመብራቷ ያስረክባሉ።

ለመምህሩ የደረሰችው በያጇ ናት። በሜካኒካል ምህንድስና በጥሩ ውጤት ተመርቃ ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከረመች፤ ሰሌዳው ሲሰለቻት ብየዳ ተማረችና ከቀጫጭን ቱቦላሬ ብረት ተጣጣፊ የልብስ ማስጫ መሥራት ጀመረች። የምትሠራው እናቷ ቤት ኮሪደር ላይ ነው። እናትየዋ ከመኝታ ቤቷ ወደ ማድቤት ለመድረስ በየቀኑ ብረት እየዘለለች ትሄዳለች፤ እየዘለለችም «ወይ እኔ፣ ወይ ይኼ ብረት» ትላለች። ሌላ ከተማ ያለው አጎቷ ደግሞ ነዳጅ ማደያ አለው፤ የገንዘብ ተቀባይነቷን ወንበር ለእህቱ ልጅ ይዞ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏል። በያጇ ያንን ወንበር ባሰበችው ቁጥር አንድ ተጨማሪ ብረት ትቆርጣለች። ሼዷን ካገኘች ትቀራለች፤ ካጣች ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን አምስት አማካሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ፣ በያጇ የመምህሩን ማብራሪያ በጥሞና አዳምጣ ስትጨርስ ጠየቀችው።

«መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ሸጠው ያውቃሉ?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። እንዴት እንደሚሸጥ ማወቅ ፈልጋ ነው። ግን አራቱ ሌሎች አማካሪዎች ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አቆሙ።

«እንዴታ!» አለ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ። «ለመሆኑ ስንት ማስጫ አለሽ?»

«ሦስት።»

«አምጪያቸው። አርብ ገዢዎቻቸውን እነግርሻለሁ።»

በማግሥቱ ሦስቱን በሲባጎ አስሮ በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገብቶ የምርቱን ሦስት ዋና ዋና ጥቅሞች ማስረዳት ጀመረ። ልብስ ሰፊው በከንፈሩ የያዛትን መርፌ ሳይለቅ አዳመጠውና ሁለተኛው ጥቅም ላይ ሲደርስ «ወንድሜ፣ ብርሃኑን ከልለህብኛል» አለው። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገባ። መምህሩ ራሰ በራ ነው፤ የፀጉር ቤት ደጃፍ ከረገጠ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ፀጉር አስተካካዩ አናቱን አየ፣ ብረቱን አየ፣ «ጋሼ፣ እኔ የቱን ላስተካክልልዎት?» ብሎ ደንበኞቹን በሳቅ አፈረሳቸው። ሦስተኛው የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነበር። ፍተሻ ነው ብሎ ማስጫውን ሦስት ጊዜ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ አጠፈው፤ በጣም እንደተደሰተበት ያስታውቃል፤ አልገዛም።

መምህሩ ላብ አጥምቆት አንድ ጥግ ላይ ቆመ። አርብ ትዝ አለው፤ አራቱ አማካሪዎችም ትዝ አሉት። ያኔ ሰይጣን ጆሮው ሥር ሹክ አለው። ከግራ ኪሱ ገንዘብ አውጥቶ በቀኝ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ የሦስቱ ማስጫ ዋጋ ነው። ብረቱን ወደ ቤቱ ወሰደና ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሸጎጠው።

አርብ ዕለት በያጇ ገንዘቡን ስትቀበል ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። እጇ ላይ ያለውን የብየዳ ቁስል ረስታ በሁለት እጇ አጨበጨበች። መምህሩም ልቡ ቅቤ ጠጣች፤ ሰው በእሱ ምክንያት እንዲህ ሲደሰት አይቶ አያውቅም።

«ምን አሉ?» አለች።

«እነማን?»

«ገዢዎቹ!»

«ምን ይላሉ? አመሰገኑ።»

«ማን ማን ናቸው?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። «አንዷ... ነርስ ናት» አለ ጣሪያውን እያየ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። መንታ ልጆች አሏት። የልጆቹን ካልሲ የምሰቅልባቸው ትንንሽ መንጠቆዎች ቢኖሩት ደስ ይለኛል ብላለች።»

ከአፉ እንደወጣ ራሱም አመነው። እንዲያውም ነርሷን በዓይነ ሕሊናው አያት፤ ደከም ያለች፣ ግን ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። በያጇ ሁሉንም ጻፈችው። በሚቀጥለው ሳምንት በዙሪያቸው የካልሲ መንጠቆ የተበየደባቸው አራት ማስጫዎች ይዛ መጣች። ለእነዚህ ደግሞ ጡረታ የወጣ አብራሪ ተወለደላቸው፤ አብራሪው ሰማይ ስለሚናፍቀው ሰማያዊ ቀለም ቢቀቡ ይወዳል። አራት ሰማያዊ ማስጫዎች ተሠሩ፤ እነሱንም ነርሷ ለሥራ ባልደረቦቿ ወሰደችላቸው። ፎርሙ ላይ «አሥራ አንድ ተሸጧል፤ ሁሉም ደንበኞች እጅግ አመስጋኞች ናቸው» የሚል በመምህሩ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፈረ። አሥራ አንዱም መምህሩ ቤት ናቸው።

የመምህሩ ሚስት ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሠራተኞቿ «አለቃ» ይሏት ነበር፤ ጡረታ ወጥታም ስሙ አልለቀቃትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማስጫዎች ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያገኘቻቸው በሁለተኛው ቀን ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ለጥናት ነው» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ። «የዩኒቨርሲቲው ነው። ቤት ውስጥ ተፈትሾ... የሚመለስ።»

ለሃያ ስምንት ዓመት አንሶላ ስታዝ ለኖረችና ሁለት ዓመት እጇን አጣጥፋ ለተቀመጠች ሴት ይህ ከሰማይ የወረደ ሥራ ነበር። ደብተር ገዛች። ማስጫዎቹን ሰገነት ላይ ደርድራ አንዱን በአንሶላ፣ ሌላውን በፎጣ፣ ሌላውን በብርድ ልብስ ትፈትን ጀመር። ራት ላይም ሪፖርት ታቀርባለች።

«ብርድ ልብስ ሲሰጣበት ይወድቃል።»

«እሺ» ይላል መምህሩ።

«ያ መንጠቆ የሚባል ነገር ክር ይመዛል። የሹራብ ጠላት ነው።»

«እሺ።»

«ሰማያዊው ደግሞ ቀለም ይለቃል።»

«እሺ እኮ አልኩሽ!» ይልና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። እሱ ያንን ሰሞን የሚያስጨንቀው ለአራተኛው ዙር የሚፈጥረው ገዢ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በያጇ ቢሮው ገባች፤ እግሯ መሬት አይነካም።

«መምህር፣ ለአጎቴ ደወልኩለት! ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው አልኩት። የሠላሳ ማስጫ ብረት ገዝቻለሁ፣ ቀለሙንም ጭምር። ሁሉንም ሰማያዊ!»

የመምህሩ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ፊቱን እንዳታየው ዞር ብሎ በነጭ ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር የሚጽፍ መሰለ። «ጎ... በጣም ጥሩ» አለ ለሰሌዳው።  ከኋላው የበያጇ እርምጃ ቀረበ።

«መምህር፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለችው።

ከኪሷ ሜትር ስትስብ ሰማ። ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጀርባውን ነካው። ጠዋት ቸኩሎ ከሰገነቱ ላይ አንስቶ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ አምስት ሰማያዊ መስመሮች ተጋድመው ነበር።

«ሰባት ሴንቲ» አለች ልጅቷ፤ በማስጫዋ ዘንጎች መካከል የምትተወው ክፍተት ነው። «ሰባት። ሰባት። ሰባት።» ከዚያም ሜትሩን ቀስ ብላ ሰበሰበችው። «መምህር፣ ነርሷ ሸሚዝዎንም ታጥባለች እንዴ?»

መምህሩ ኩም አለ።  እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ቢያንስ ይሮጣል፤ እሱ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀረ፣ ከዚያም ዞሮ ሁሉንም ተናገረ። ልብስ ሰፊውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ጥበቃውን፣ ቁምሳጥኑን፣ አንዲት እርሳስ ሸጦ አለማወቁንም ጭምር።

«ነርሷስ?»

«የለችም።»

«መንታዎቹ?»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ለሌሉ ልጆች ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ የካልሲ መንጠቆ ስበይድ የከረምኩት?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያንን ወንበር እኮ መለስኩት! ሐሙስ ገምጋሚዎቹ ይቀመጣሉ። ሰብሳቢዋ ገዢዎቹን ራሷ ነው የምትደውልላቸው። ማን ያነሳዋል ስልኩን? አብራሪው?»

መምህሩ አፈረ። ሽምቅቅ አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ተማሪ እንደጣለ አያስታውስም፤ አንዳቸውም ግን እንዲህ ፊቱ ቆመው አላለቀሱበትም።

በያጇ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። አሰበች። «ሸሚዙን ያጠበው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«ስለ ማስጫው ምን ትላለች?»

መምህሩ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የራት ላይ ሪፖርቶቹ ትዝ ያሉት። «አንድ ደብተር ሞልታለች» አለ።

አለቃ በሩን ስትከፍት ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አይታ «ጥናቱን ልትወስጂ መጣሽ?» አለቻት። ጥናት የሚባል ነገር እንደሌለ ስትሰማ ባሏን ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ደግሞ ለሳይንስ ብዬ እርጥብ ብርድ ልብስ ስሸከም!» አለች። ከዚያም ቁጣዋን ለሌላ ቀን አሳድራ ደብተሩን አመጣች። አሥራ ዘጠኝ ጉድለት ተጽፎበታል፤ እያንዳንዱ ቀን አለው፣ የወደቀው ልብስ ዓይነትና የወደቀበት ሰዓት ሳይቀር። በያጇ ሰገነቱ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። አንዳንዱ ጋ ስትደርስ ፊቷ ይከፋል፣ አንዳንዱ ጋ ግንባሯን በመዳፏ ትመታለች፤ አሥራ አራተኛው ላይ ግን ሳቀች።

«እትዬ፣ እስካሁን የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ የኔ ልጅ። እሺ እሺ ሲለኝ።»

ሁለት ቀን የበያጇ እናት ኮሪደር ላይ ተሠራ። መንጠቆዎቹ ተቆረጡ፤ እግሮቹ ሰፉ፤ ቀለሙ ተፋቀና ብረቱ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተሸፈነ። አለቃ እርጥብ ብርድ ልብስ እየሰቀለች ትገፋዋለች፤ ሲወድቅ «እንደገና» ትላለች። መምህሩ መጋዙን ያቀብላል፣ ሻይ ያፈላል፣ የበያጇን እናት ብረት ስትዘል እጇን ይዞ ያሻግራታል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማስጫው አልወደቀም።

የቀረው ገዢ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ያውም ዘመድ ያልሆነ፣ ጓደኛ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት።

«እኔ በዚህ ሰፈር የማላውቀው ሰው የለም» አለች አለቃ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያሠለጠንኳቸው ልጆች በየበሩ ናቸው። ብሸጥም አይቆጠርም።»

«እኔም የማውቃቸው ወይ ዘመዶቼ ናቸው ወይ አብረውኝ የተማሩ» አለች በያጇ።

ሁለቱም ዞረው መምህሩን አዩት።

«አንተስ ማንን ታውቃለህ?» አለችው ሚስቱ።

መምህሩ አሰበ። «ማንንም» አለ።

«ተመስገን! በል ነገ ጠዋት ውጣ።» ጠዋት በሩ ድረስ ሸኘችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አታስረዳ። ተቀመጥና እጃቸው ምን እንደሚሠራ እይ።»

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ መምህሩ አንዱን ማስጫ በትከሻው አድርጎ ፀጉር ቤቱን እንደገና ረገጠ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሲያየው ሳቁ መጣ። «ጋሼ፣ በቀለልዎት እንዴ?»

«ፂም» አለ መምህሩና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ብረቱን ግድግዳ አስደግፎ አፉን ዘጋ። በሕይወቱ እንዲህ የከበደ ነገር አልሠራም፤ ሦስቱ ዋና ዋና ጥቅሞች ምላሱ ጫፍ ላይ ተኮልኩለው ነበር። ዝም ብሎ በመስታወቱ ውስጥ የሰውየውን እጅ ተከተለ። ሰውየው ፎጣ ሲያነሳ አየ፣ እርጥብ ሆኖበት ሲመልሰው አየ፣ ሌላ ሲያነሳ፣ እሱንም ሲመልስ። የታጠቡት ፎጣዎች በወንበሮቹ መደገፊያ ላይ፣ በበሩ እጀታ ላይ፣ በሬዲዮኑ አንቴና ላይ ሳይቀር ተሰቅለዋል።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በያጇና አለቃ ከገምጋሚዎቹ ክፍል ደጃፍ ቆመው ነበር። መምህሩ ከኮሪደሩ ጫፍ ቁና ቁና እየተነፈሰ ብቅ አለ። እጁ ባዶ ነው። የግራ ጉንጩ ልሙጥ ብሎ ተላጭቷል፤ የቀኙ ከነፂሙ ነው፣ የደረቀ ሳሙናም አለበት።

«ተሸጠ» አለ።

አለቃ ዓይኗን አጠበበች። «ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው?»

«ተሸጠ አልኩሽ!»

በያጇ ባዶ እጁን ተመለከተች። ብዙ ጊዜ «ተሸጠ» ብሏታል፤ በዚያ ቃል ብዙ ጊዜ ዘልላለች። አሁን አልዘለለችም። የድሮውን ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ምን አሉ?»

የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ። ያለፈውን ሁሉ ያስረሳ ቅሬታ ፊቱ ላይ ወጣ። «ሰደበኝ!» አለ። «እግሩ በጣም ሰፊ ነው አለኝ። ደንበኛ ሁሉ ይደናቀፍበታል፣ እኔ ፀጉር ቤት ነው ያለኝ እንጂ ሜዳ የለኝም አለኝ። ፕላስቲኩ ደግሞ እጁ ላይ ይንሸራተታል። ዋጋውንም ተከራከረኝ። ስንከራከር ነው ሰዓቱ የደረሰብኝና ግማሽ ፂሜን ትቼ የሮጥኩት!»

በያጇ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ሳቅ ከሆዷ ተነሳ። አሥራ አንድ ደንበኛ አምጥቶላት አንዱም አላማረረም ነበር፤ ሁሉም አመስግነው ነው የሄዱት። የአለቃን ደብተር ከብብቷ አወጣች፣ ከአሥራ ዘጠነኛው በታች «ሃያ፤ ለጠባብ ቤት እግሩ ይጠር» ብላ ጻፈችና በሩን አንኳኳች።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ፎርሙን አነበበች። «አሥራ አንድ ሽያጭ። ሁሉም እጅግ አመስጋኞች።»

«ውሸት ነው» አለች በያጇ። «አንድ ነው። እሱም ዛሬ ጠዋት፤ አመስጋኝም አይደለም።»

መምህሩ ብድግ አለ። በዚያ ክፍል አራቱ አማካሪዎችም ተቀምጠው ነበር። «አሥራ አንዱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለ። «የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ አታውቅም ነበር።» ይህን ሲናገር ግማሽ ፂሙ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር የሳቀም አለ፣ ከንፈሩን የነከሰም አለ።

ሰብሳቢዋ ስልኳን አንስታ መምህሩ በነገራት የፀጉር ቤቱ ቁጥር ደወለች፣ ድምፁንም ለሁሉም ከፈተችው።

«አቤት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ስለ ማስጫው? ያ ራሰ በራ ሰውዬ እዚያ አለ? ሳሙናዬን ተለቅልቆ ነው የሮጠው! እግሩ እንቅፋት ነው፣ ንገሩልኝ።»

«እንዲመለስልዎ ይፈልጋሉ?» አለች ሰብሳቢዋ።

 «ምን ሲደረግ!» አለ ሰውየው። «ፎጣዬ ተሰጥቶበታል። ይልቅ እግሩን አሳጥረው አንድ ሌላ ይላኩልኝ።»

ሰብሳቢዋ «ገዝቶ፣ ተሳድቦ፣ ደግሞ ሌላ ያዘዘ ደንበኛ ያመጣችው እሷ ብቻ ናት» አለችና የሼዷ ቁልፍ በዚያው ቀን ለበያጇ ተሰጠ። በያጇ ቁልፉን ጨብጣ ለአጎቷ ሳይሆን ለእናቷ ነው የደወለችው፤ «እማዬ፣ ኮሪደርሽን ውሰጂ» አለቻትና እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀሰች። ሰብሳቢዋ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ፎርም አውጥታ «አማካሪ በሚለው ላይ ማንን ልጻፍ?» ስትል፣ በያጇ አለቃን አሳየቻት። መምህሩ አልተከራከረም። እንዲያውም እፎይ አለ።

«አንተ ምን ታያለህ?» አለችው ሚስቱ ወዲያው፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ እየለጠፈች። «ሂድ፣ ቀሪውን ፂምህን ተላጭተህ ና። ሰውየው ደግሞ ሌላ ምን እንደሚያናድደው ጠይቅልን።»

መምህሩ ደብተሩን ይዞ፣ ግማሽ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለሰ።